አንበሳው ከየት መጣ? ስለ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ሕይወትና እምነት ለጠየቃችሁን

ባለፈው እትም ለልጆች ስለሚመረጡ መጻሕፍት ስንጽፍ ናርኒያ ስለምትባል ምናባዊ ዓለም የሚተርኩትን የናርኒያ ታሪኮች ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰን አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለዚህ ሰው የሚጠይቁ ሆነው ስላገኘናቸው የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቻችንን ስም ትተን የጻፉልንን ቦታ ብቻ አስቀምጠናል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ሉዊስ በወጣትነቱ "እግዚአብሔር የለም" ይል እንደነበር አንብቤአለሁ። እንዲህ ያለ የተማረና ተከራካሪ ሰው እንዴት ወደ እምነት ሊመለስ ቻለ? በክርክር ተረትቶ ነው ወይስ ልቡ ተነክቶ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሁለቱም ደርሶበታል፤ የቀደመው ግን ምናቡ ነው። አእምሮው ገና "የለም" እያለ ሲሟገት ምናቡ ከእምነት ደጃፍ ደርሶ ነበር። ይህ ካልተያዘ የሕይወቱም ሆነ የድርሰቱ ነገር በትክክል አይገባም ብለን ስለምናምን፣ መልሳችንን ከልጅነቱ እንጀምራለን።

ክላይቭ ስቴፕልስ ሉዊስ ኖቬምበር 29 ቀን 1898 በአየርላንድ፣ ቤልፋስት ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ፤ እናቱ ፍሎራ ደግሞ የቄስ ልጅና በዚያ ዘመን ሴቶች እምብዛም በማይደርሱበት በሒሳብ ትምህርት የተመረቁ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከሳሎን እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ በመጻሕፍት የተሞላ ነበር። ሉዊስ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ዋረን በብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ የድንጋይ ሽበት፣ ቅጠልና አበባ ደርድሮ አንዲት ትንሽ የአትክልት ቦታ ሠርቶ አሳየው። ሉዊስ ካደገ በኋላ ሲጽፍ ውበት ምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀው ከዚያች ክዳን እንደሆነ መስክሯል። ከዚያ ወዲህም ግጥም ወይም ተረት ሲያነብ አንድ ስሜት ድንገት ይወጋው ነበር፤ የሚፈልገው ነገር ከእጁ እጅግ የራቀ ነው፤ ሆኖም ያን የራቀ ነገር መፈለጉ ብቻ በእጁ ካለው ሁሉ ይልቅ ይጣፍጠው ነበር። እርሱ ስሜቱን "ደስታ" ብሎ ሰይሞታል። በእኛ ቋንቋ ግን "ናፍቆት" የሚለው ቃል ይበልጥ የሚቀርበው ይመስለናል፤ ሰው ያላየውን አገር ሲናፍቅ የሚሰማው ዓይነት።

እናቱን በዘጠኝ ዓመቱ አጣ፤ ወደዚህ ነገር በመጨረሻው ጥያቄ እንመለሳለን። በዐሥራዎቹ ዕድሜ እምነቱን ጣለ። ከ1914 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር፣ ሱሪ (Surrey) በተባለ አውራጃ፣ በግል ያስተማሩት ኪርክፓትሪክ የተባሉ አረጋዊ መምህር በእግዚአብሔር የማያምኑና ከሎጂክ ውጭ አንዲት ቃል የማያሳልፉ ሰው ነበሩ። ሉዊስ ከባቡር እንደወረደ ለጨዋታ ያህል "የሱሪ መልክዓ ምድር ከጠበቅሁት ይልቅ ዱር የበዛበት ነው" ቢላቸው፣ መምህሩ እዚያው መንገድ ላይ አስቁመው "ዱር ስትል ምን ማለትህ ነው? በምንስ መነሻ ጠበቅኸው?" እያሉ አፋጠጡት። ሉዊስ እኒህን መምህር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በፍቅርና በምስጋና ያነሣቸው ነበር፤ ኋላ ለክርስትና ጥብቅና የቆመበትን የሙግት ስልት ያስተማሩት እኒህ የማያምኑ ሰው ናቸውና።

እንግዲህ በእኒሁ መምህር ቤት ሳለ በ1916 ከአንድ ባቡር ጣቢያ የመጻሕፍት መሸጫ የጆርጅ ማክዶናልድን አንድ ምናባዊ ልብ ወለድ ገዛ። ማክዶናልድ ቀድሞ ሰባኪ የነበረ የስኮትላንድ ደራሲ ነው። ሉዊስ ያን መጽሐፍ ባነበበበት ሌሊት ምናቡ እንደተጠመቀና የቀረው ማንነቱ ግን ብዙ ጊዜ እንደፈጀበት ጽፏል። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ አልሰበከውም፣ አልተከራከረውም። ሉዊስ ስም ያላወጣለትን አንድ ነገር በታሪኩ ውስጥ አሸተተ፤ ኋላ ስሙን ሲያውቅ ነገሩ ቅድስና ሆኖ አገኘው።

ቀሪው ዘመን የአእምሮው ተራ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ የጦር ግንባሩን ምሽግ የረገጠው ልክ 19 ዓመት በሞላበት ዕለት ነበር፤ በኤፕሪል 1918 በመድፍ ፍንጣሪ ቆሰለ። በዚያ ሁሉ መካከል አልጸለየም። ከጦርነቱ ተመልሶ በኦክስፎርድ ትምህርቱን በከፍተኛ ማዕረግ ፈጸመ፤ በ1925ም በዚያው በሞድሊን ኮሌጅ መምህር ሆነ። እዚያ ግን የሚያከብራቸው ጓደኞቹ ከሚያስበው በላይ አማኞች፣ የሚወዳቸው ደራስያንም እንዲሁ ሆነው ተገኙ። የሚያምንበት ፍልስፍና አንዱ ሌላውን እያፈረሰበት ሄዶ፣ እርሱ ራሱ እንደጻፈው በ1929 በኮሌጅ ክፍሉ ውስጥ ተንበርክኮ እግዚአብሔር አምላክ መሆኑን አመነ። በዚያች ሌሊት በመላው እንግሊዝ እንደ እርሱ እያዘነና ሳይወድ የተመለሰ ሰው እንዳልነበረ ተናግሯል። ይህ ግን በአንድ አምላክ መኖር ማመን እንጂ ገና ክርስትና አልነበረም።

የመጨረሻው እርምጃ የመጣው ሴፕቴምበር 19 ቀን 1931 ማታ ነው። ከኮሌጁ አጠገብ ባለው፣ ዛፎች በተሰለፉበት የእግር መንገድ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ከጄ. አር. አር. ቶልኪንና ከሂውጎ ዳይሰን ጋር ሲነጋገር አመሸ። ቶልኪን ኋላ በታላላቅ ምናባዊ ድርሰቶቹ ዓለም ያወቀው ነው፤ በእምነቱ ካቶሊክ ነበር። ሉዊስ በሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪክ ውስጥ ሞቶ ስለሚነሣ አምላክ ሲያነብ ልቡ ይነካ ነበር፤ የክርስቶስ ሞት ግን እንዴት እንደሚያድን አልገባው ብሎ ተቸግሮ ነበር። ጓደኞቹ ያሳዩት ነገር ይህ ነው፦ በአፈ ታሪኩ የነካህ ያው ነገር በወንጌል ውስጥም አለ፤ ልዩነቱ ይኼኛው በእውነት፣ በታወቀ ቦታና ዘመን የተፈጸመ መሆኑ ነው። ቶልኪን ወደ ቤቱ የሄደው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሉዊስ በወንድሙ ሞተር ብስክሌት የጎን ጋሪ ተቀምጦ ወደ ዊፕስኔድ የእንስሳት ማቆያ ሲጓዝ፣ ጉዞው ሲጀመር ኢየሱስ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ መሆኑን ያላመነ ሰው ሲደርስ አምኖ ወረደ። በመንገድ ላይ ምን እንዳሰበ በዝርዝር አልነገረንም። ለእኛ የሚያስደንቀን ግን በ1916 በተረት የተጀመረው ነገር ከ15 ዓመት በኋላ ስለ ተረት በተደረገ ጭውውት መፈጸሙ ነው። ክርክሩ እንቅፋቶቹን ከመንገድ ላይ አነሣ፤ መንገዱን የከፈተው ግን ተረት ነበር።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጄ ሰባቱንም የናርኒያ መጻሕፍት በትምህርት ቤቱ አንብቦ ጨርሷል። ማታ ስናስጸልየው "ጌታን ሳስብ አስላን የሚባለው አንበሳ ነው የሚመጣብኝ" ይለኛል። ባለቤቴ በዚህ ተቆጣ፤ እኔም ጣዖት ይሆንበት ይሆን ብዬ ፈራሁ። (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህታችን፣ ይህን ፍርሃት ለራሱ ለደራሲው ጽፈው የጠየቁ እናት ነበሩ። እርሳቸውም አሜሪካዊት፣ ልጃቸውም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ዘመኑ 1955 ነው። ልጁ "ከኢየሱስ ይልቅ አስላንን የምወድ ይመስለኛል" እያለ ይጨነቅ ነበር። ሉዊስ በዚያው ወቅት መልስ ጻፈላቸው፤ ሐሳቡም በአጭሩ እንዲህ ነው። ልጁ አስላንን የሚወደው ስላደረገውና ስለተናገረው ነገር ነው፤ ያ ሁሉ ደግሞ ኢየሱስ በእውነት ያደረገውና የተናገረው ነው። ስለዚህ ልጁ አስላንን እየወደድሁ ነው ብሎ ሲያስብ የሚወደው ኢየሱስን ነው፤ ምናልባትም ከቀድሞው አብልጦ። የአንበሳው ገጽታ ልጁን ከማረከውም እግዚአብሔር የልጅ ምናብ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል፤ የሠራው እርሱ ነውና።

ከዚያም ሉዊስ ልጁ ሊጸልየው የሚችል ጸሎት ጻፈለት። ስለ መጻሕፍቱ የሚያስበውና የሚሰማው ነገር መጥፎ ከሆነ እግዚአብሔር እንዲወስድለት፣ መጥፎ ካልሆነ ግን ጭንቀቱን እንዲያርቅለት የሚለምን ነው። በጸሎቱ መጨረሻ ላይ ለራሱም ቦታ ሰጠ፦ ሚስተር ሉዊስ በመጻሕፍቱ ሌሎች ልጆችን አስጨንቆ ወይም ጎድቶ ከሆነ ይቅር እንዲባልና ዳግመኛ እንዳያደርገው እንዲረዳ ልጁ እንዲጸልይለት ጠየቀ። በዓለም ዙሪያ የታወቀ የ56 ዓመት ፕሮፌሰር ከዘጠኝ ዓመት ልጅ ጸሎት የለመነበት ይህ ደብዳቤ፣ በእኛ እምነት፣ ስለ ሰውየው ሃይማኖት ከብዙ ክርክር መጻሕፍቱ የበለጠ ይናገራል።

አንበሳ ለምን ሆነ ለሚለው ደግሞ ሉዊስ ለልጆች በጻፋቸው ደብዳቤዎች መልሷል። "አስላን" በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በአንድ ሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች እንግሊዝኛ ትርጉም ማብራሪያ ውስጥ ነው። መጽሐፉን መጻፍ ሲጀምር አንበሳ በሕልሙ ይመላለስበት እንደነበርም ነግሯቸዋል፤ ከሁሉ በላይ ግን ያሰበው የይሁዳን አንበሳ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። እርስዎና ባለቤትዎ "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" የሚለውን ቃል በድሮ ማኅተምና በአደባባይ ሐውልት ላይ እያያችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። እንግዲህ ልጅዎን ከመቆጣት ይልቅ የዮሐንስ ራእይን ምዕራፍ 5 አብራችሁ አንብቡ። እዚያ ዮሐንስ "ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ" ድል መንሣቱን ከሰማ በኋላ ዞር ሲል የሚያየው የታረደ በግ ነው። ልጅዎ አስላን በድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ የተሠዋበትን ምዕራፍ ስለሚያውቅ፣ ይህ ቦታ ከብዙ ሰዎች ፈጥኖ ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ የናርኒያን ፊልም አይተው ይጠይቁኛል። ታሪኩን እንደ ሰምና ወርቅ ፈትቼ ላስተምራቸው? ጠንቋይና አስማት ያለበት ታሪክስ ለክርስቲያን ልጅ ይሆናል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ በጣም አስደስቶናል፤ ቅኔ የሚያውቅ ሰው ብቻ የሚጠይቀው ነውና። ሉዊስ ራሱ የምሳሌያዊ ድርሰትን ታሪክ ያጠና ምሁር ነበር፤ በ1936 ያሳተመው ስመ ጥር ጥናቱም ስለዚሁ ነው። ስለዚህ "ናርኒያ ምሳሌያዊ ድርሰት አይደለም" ሲል ቃሉን ሳያውቅ የተናገረው አይደለም። በሰምና ወርቅ ሰሙ የሚቀልጥ፣ ወርቁን ለማግኘት የሚፈስ ነው፤ ወርቁ ከተያዘ በኋላ ወደ ሰሙ የሚመለስ የለም። ናርኒያ ግን የተጻፈው በሌላ ጥያቄ ነው፦ ናርኒያ የምትባል፣ እንስሳት የሚናገሩባት ዓለም በእውነት ብትኖርና እርሷም እንደ እኛ ዓለም መዳን ቢያስፈልጋት፣ የእግዚአብሔር ልጅ በዚያ እንዴት ይገለጥ ነበር? መልሱ አስላን ነው። እንግዲህ አንበሳው ተፈትቶ የሚጣል ሰም አይደለም። ልጆቹ ወደ ናርኒያ የሚገቡበት ቁም ሳጥን ምን ይወክላል፣ የመንገዱ መብራትስ ማን ነው እያሉ እያንዳንዱን መፍታት ደራሲው ያልሠራውን ቤት ማፍረስ ይሆናል።

ታሪኩም የተጀመረው ከትምህርት ሳይሆን ከሥዕል ነው። ሉዊስ 16 ዓመት ገደማ ሳለ በበረዶ በተሸፈነ ደን ውስጥ ጃንጥላና ጥቅል የያዘ፣ ከወገቡ በታች ፍየል የሚመስል ፍጡር በዓይነ ሕሊናው ይታየው ነበር። በሴፕቴምበር 1939 ከለንደን የቦምብ ስጋት የሸሹ ልጆች በኦክስፎርድ ዳርቻ በሚገኘው ቤቱ ተጠለሉ፤ አራት ልጆች ወደ አንድ አረጋዊ ፕሮፌሰር ቤት ስለመሄዳቸው መጻፍ የጀመረውም በዚያው ጊዜ አካባቢ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ታትሞ የወጣው ግን በ1950 ሲሆን፣ ሰባተኛው በ1956 ወጣ። አንበሳው ዘግይቶ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ግን ታሪኩን ሁሉ ወደ ራሱ ሳበው።

ሉዊስ ተረትን ለምን እንደመረጠ የተናገረው ግን ለእንደ እርስዎ ላለ መምህር በጣም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በልጅነቱ ስለ ክርስቶስ ሕማም ሊሰማው የሚገባውን እንዲሰማው ይነገረው ነበር፤ ግዴታው ራሱ ስሜቱን አቀዘቀዘበት። በልጅ ልብ በር ላይ ነቅተው የሚጠብቁ ዘንዶዎች እንዳሉ፣ ተረትም በእነርሱ አጠገብ ሹልክ ብሎ ሊገባ እንደሚችል ያሰበው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ ልጆቹ ታሪኩን መጀመሪያ እንደ ታሪክ ይስሙት፣ ይዘኑበት፣ ይደሰቱበት። "ይህ አንበሳ በእኛ ዓለም ሌላ ስም አለው?" የሚለው ጥያቄ ከእነርሱ እስኪመጣ ይታገሡ። አስላን ራሱ ከሦስተኛው መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ ለልጆቹ በምድር ሌላ ስም እንዳለው ይነግራቸዋል፤ ስሙን ግን አይጠራላቸውም።

ስለ ጠንቋይዋ፦ ነጯ ጠንቋይ የታሪኩ ጠላት ናት። አገሩን የገና በዓል የማይደርስበት የማያልቅ ክረምት ያደረገችው፣ ከአራቱ ልጆች አንዱን ኤድመንድን በጣፋጭ ያሳተችው እርሷ ናት፤ ጣፋጩም የቀመሰው ሁሉ እስኪሞት ድረስ ጨምሩልኝ የሚያሰኝ ነው። የኃጢአትን ጠባይ ለልጅ በዚህ ያህል ግልጽነት ያስረዳ ሌላ ምዕራፍ ማግኘት ይቸግራል። ሉዊስ በጉርምስናው የምትሐት ፍላጎት አድሮበት ስለነበር አደጋውን ከራሱ ሕይወት ያውቀዋል። የቃል ችግርም አለብን። በእንግሊዝኛው አንድ ቃል የተባለው በአማርኛ ጥንቆላም አስማትም ሊሆን ነው፤ አስላን "ከጥልቁ የሚጠልቅ" የሚለው፣ ያለ በደል የተሠዋው ሲሞት ሞት ራሱ ወደ ኋላ እንዲመለስ የሚያደርገው ሕግ ግን ከጥንቆላ ጋር ዝምድና የለውም። እርግጥ "አስማት" በግእዝ "ስሞች" ማለት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ጆሯችን የሚሰማው ሌላ ነው። እርስዎ ሲያስተምሩ "ምሥጢር" ብለው ቢተረጉሙት ወደ ደራሲው ሐሳብ ይቀርባሉ። እንስሳት መናገራቸው ደግሞ የበለዓምን አህያ ለሚያውቅ፣ ጦጣና ጅብ ሲሟገቱ በአያቱ አንደበት እየሰማ ላደገ ልጅ የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሁሉም አማኝ ናርኒያን ይወዳል ማለታችን አይደለም። ቶልኪን ራሱ የተለያዩ አፈ ታሪኮች በአንድ ላይ መደባለቃቸውን አልወደደውም ነበር።

ጥያቄ፦ በቤታችን ኦርቶዶክስም ፕሮቴስታንትም አለን። ሉዊስ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን፣ ማለትም የአንግሊካን ምእመን ነበር፤ በኦክስፎርድ ዳርቻ በሄዲንግተን ክዋሪ ያለው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያው ነበር። ወደ እምነት ከተመለሰ በኋላ በ1931 የገና ዕለት እዚያ ሲቆርብ፣ ወታደር የነበረው ወንድሙ ዋረን በዚያው ዕለት በሻንጋይ ቆርቧል፤ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ። ከ1940 ጀምሮም ለአንድ ካህን ይናዘዝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በቢቢሲ ራዲዮ ስለ ክርስትና ሲናገር የንግግሩን አንድ ክፍል ለአንግሊካን፣ ለሜቶዲስት፣ ለፕሪስባይቴሪያንና ለካቶሊክ ካህናት ልኮ አስነብቧል፤ ክርስቲያኖች ሁሉ በሚስማሙበት ላይ ብቻ መናገር ይፈልግ ነበርና። ሆኖም ይህ የጋራ ነገር እንደ ቤት መተላለፊያ እንጂ እንደ መኖሪያ ክፍል አይደለም ይል ነበር፤ እሳቱና ማዕዱ ያለው በክፍሎቹ ውስጥ ነው፤ ሌላ ክፍል ለገቡትም መጸለይ ይገባል።

ለኦርቶዶክሱ ወገን የሚቀርብ አንድ ነገር እንጨምር። የቅዱስ አትናቴዎስ "ስለ ቃል ሥጋ መሆን" የተሰኘው መጽሐፍ በ1944 በአዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሲታተም መቅድሙን የጻፈው ሉዊስ ነው። በዚያ መቅድም አዲስ መጽሐፍ ያነበበ ሰው ሌላ አዲስ ከማንሣቱ በፊት አንድ አሮጌ እንዲያነብ ይመክራል፤ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ስሕተት አያይም፤ የቀደሙት አባቶች ግን ከሌላ ቦታ ሆነው ያዩታል። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው ይኸው አትናቴዎስ ነው፤ በስሙም እንቀድሳለን።

ጥያቄ፦ በመጻሕፍቱ ያገኘውን ገንዘብ ምን አደረገበት? (ከዱባይ)

መልስ፦ አብዛኛውን ሰጠ። በ1941 አንድ አረጋዊ ሰይጣን ለደቀ መዝሙሩ የሚጽፋቸውን 31 ደብዳቤዎች በአንድ የቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ በተከታታይ ሲያወጣ ለእያንዳንዱ የሚከፈለውን 2 ፓውንድ ለሟች ካህናት ሚስቶች መርጃ እንዲውል አደረገ። በሰጠው ገንዘብ ላይ ግብር እንዳለበት ስላላወቀ ኋላ ተቸገረ፤ ጠበቃ የነበረው ጓደኛው ኦዌን ባርፊልድ የእርዳታ ፈንድ አቋቁሞለት ገቢው በስውር ለችግረኞች ይከፋፈል ነበር። ቃል ማክበሩም የሚጠቀስ ነው። በጦርነቱ ለሞተ ጓደኛው የገባውን ቃል ጠብቆ የዚያን ጓደኛ እናት እስከሞቱበት እስከ 1951 ድረስ ጦሯቸዋል። ከማመኑ በፊት በነበሩት ዓመታት ግንኙነታቸው ከዚህ ያለፈ ነበር ብለው የሚያምኑ የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው፤ ይህንም መደበቅ አይገባንም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ካጣሁ ሰባት ወር ሆኖኛል። የሚያጽናናኝ ሁሉ "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ" ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ፤ ሌሊት ግን መጸለይ አቅቶኛል። ሉዊስም ሚስቱ ሞታበት ነበር ይባላል። እምነቱ ጸና ወይስ ተናወጠ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። እምነቱ ተናውጧል፤ እርሱም አልደበቀውም።

ሉዊስ 57 ዓመት እስኪሞላው ድረስ አላገባም። ሚስቱ ጆይ ዴቪድማን አሜሪካዊት ገጣሚ፣ የአይሁድ ቤተሰብ ልጅ፣ ቀድሞ ኮሚኒስት የነበረች፣ በከፊል በእርሱ መጻሕፍት አማካይነት ወደ ክርስትና የመጣች ሴት ነበረች። በ1956 በእንግሊዝ መኖር እንድትችል በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተጋቡ። በዚያው ዓመት ግን አጥንቷ በካንሰር መበላቱ ታወቀ፤ ማርች 21 ቀን 1957 አንድ ካህን በሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሥርዓተ ጋብቻቸውን ፈጸመላቸው፤ እጁንም ጭኖ ጸለየላት። ሐኪሞች ሳይጠብቁ ተሻላት፤ ተነሥታ ሄደች፤ ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ዕድሜም ተጨመረላት። በኤፕሪል 1960 አብረው ግሪክን አይተው ተመለሱ፤ ጁላይ 13 ቀን 1960 ዐረፈች።

ሉዊስ በ1940 ስለ ሕማም አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ ነበር፤ ንጹሕና ብርቱ ክርክር ነው። ሚስቱ ስትሞት ግን በቤት ውስጥ ባገኛቸው ባዶ ደብተሮች ላይ የጻፈው ክርክር አልነበረም። ኀዘን ፍርሃት እንደሚመስል ማንም አልነገረኝም ሲል ጀመረ። በደስታው ጊዜ በሩ የተከፈተለት አምላክ በጭንቁ ጊዜ በሩን ፊቱ ላይ ዘግቶ ከውስጥ ሲቀረቅርበት እንደሰማ ጻፈ። የፈራው ነገር በእግዚአብሔር ማመኑን ማቆሙ አልነበረም፤ ስለ እርሱ እጅግ አስከፊ ነገር ማመን መጀመሩ ነበር እንጂ። ደብተሮቹን በ1961 በሌላ ስም አሳተመ፤ ጓደኞቹም ደራሲው እርሱ መሆኑን ሳያውቁ "ይህ ያጽናናሃል" ብለው መጽሐፉን ሰጥተውታል።

በመጨረሻዎቹ ገጾች የተዘጋው በር ተከፈተ አይልም። ጥያቄዎቹን ሲያቀርብ መልስ አላገኘም፤ ዝምታው ግን የተቀረቀረ በር መሆኑ ቀርቶ ርኅራኄ ያለበት አመለካከት ሆነለት፤ ጥያቄውን ንቆ ሳይሆን አንተ ገና አይገባህም እንደሚል ሰው ያለ። እርስዎ ሌሊት መጸለይ ቢያቅትዎ ሉዊስም አቅቶት ነበር፤ የጻፈው ራሱ ሙግት ይምሰል እንጂ ከእግዚአብሔር ጋር የተደረገ ንግግር ነው። የኢዮብም "እግዚአብሔር ሰጠ" የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ረጅም ሙግት ይከተላል፤ እግዚአብሔርም በመጨረሻ ስለ እርሱ ቅን ነገር የተናገረው ኢዮብ መሆኑን መሰከረ።

ይህ ኀዘን ለሉዊስ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1908 እናቱ በካንሰር ሲታመሙ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ እንዲድኑለት ጸለየ፤ እናቱም በኦገስት ሞቱ። ኋላ ሲጽፍ በዚያ ጊዜ እግዚአብሔርን የፈለገው እንደ አዳኝ ወይም እንደ ዳኛ ሳይሆን፣ ሥራውን ሠርቶ እንደሚሄድ ባለምትሐት እንደነበር፣ በእናቱ ሞትም የጸና ደስታ ሁሉ ከሕይወቱ እንደጠፋ፣ አህጉሩ ሰጥሞ ባሕርና ደሴት ብቻ እንደቀረ ተናግሯል። ከ47 ዓመት በኋላ ባሳተመው ስድስተኛው የናርኒያ መጽሐፍ ውስጥ እናቱ ልትሞት የተቃረበች ዲጎሪ የሚባል ልጅ አለ። ልጁ አንበሳውን እየለመነ ቀና ሲል በአንበሳው ዓይኖች ውስጥ ከራሱ እንባ የሚበልጡ ታላላቅ እንባዎችን ያያል፤ ከእርሱም ይልቅ አንበሳው ስለ እናቱ ያዘነ ይመስለዋል። በመጨረሻም የምትፈወስበትን ፍሬ ይዞላት ይሄዳል፤ እናቱም ትድናለች። ደራሲው ለራሱ ያልተሰጠውን ለዲጎሪ ሰጠው። ከፈውሱ በፊት ግን እንባውን አስቀደመ፤ በ1908 በቤልፋስት ያ ልጅ ከፍሬው ይልቅ ሳያይ የቀረው እርሱን ነበርና።

ሉዊስ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ዐረፈ፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ዕለት ስለነበር ዓለም ወሬውን በቶሎ አልሰማም። በአጥቢያው ቅጥር ግቢ ተቀበረ፤ በ1973 ዋረንም እዚያው መቃብር ውስጥ ከአጠገቡ ዐረፈ። ዋረን በድንጋዩ ላይ ያስቀረጸው ቃል ከሼክስፒር ተውኔት የተወሰደ ነው፤ ሰዎች ከዚህ መሄዳቸውን ሊታገሡት ይገባል ይላል። እናታቸው በሞቱበት ዕለት በአባታቸው የቀን መቁጠሪያ ላይ የነበረው ጥቅስ ይህ ነበር።